ጋቢው ከምን ተሠራ? «ማተር»፣ «ሰብስታንስ»፣ «ማቴሪያል» እና «ፋብሪክ» የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ስለ መለየት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሰጠነው አንድ የላቦራቶሪ ሙከራ፣ እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ የአሉሚንየምና የመዳብ ቁርጥራጮች በፈላ ውኃ ውስጥ ከቆዩ በኋላ 200 ግራም ቀዝቃዛ ውኃ ወዳለበት ካሎሪሜትር በየተራ ይጨመሩ ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ በመሆኑ ሁለቱም ቁርጥራጮች የሚነሡት ከዚሁ ሙቀት ነው። ቀዝቃዛው ውኃ 20 ዲግሪ ላይ ከነበረ አሉሚንየሙ በ7 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል፤ መዳቡ ግን ከ3 ዲግሪ ብዙም አያሳልፈውም። «የልዩነቱ ምክንያት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈው መልስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሁለቱ የተለያየ ማተር ስላላቸው ነው» የሚል ነበር። እኛም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘን ዜሮ ሰጠነው። በፊዚክስ የአንድ አካል «ማተር» ብዛቱ የሚለካው በመጠነ ቁስ ነው፤ ሁለቱም 100 ግራም ከሆኑ ያላቸው «ማተር» እኩል ነው፤ መልሱ እንግዲህ ከጥያቄው ጋር በቀጥታ ይጋጫል ብለን ነበር።

ተማሪው ደብተሩን ይዞ መጣ። «መምህር፣ እኔ እኮ ለማለት የፈለግሁት የተሠሩበት ነገር ይለያያል ነው» አለን። በአማርኛ የተናገረው ትክክል ነበር። ሙከራውን አውቆታል፤ ምክንያቱንም ደርሶበታል፤ ያሳሳተው አንድ ቃል ብቻ ነው። ማርኩን መለስንለት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዜሮ ዕዳ መክፈያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ እንዳልነበር ለማየት አማርኛውን መመልከት ይበቃል። «ነገር» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው፤ ዕቃም፣ ጉዳይም፣ ንግግርም፣ ጠብም «ነገር» ይባላል። የእንግሊዝኛው «ማተር»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ቁስ ነው፤ ሌላው ጉዳይ ነው። «ነገሩ ምንድን ነው?» የምንለውን እንግሊዞች በዚሁ «ማተር» በሚለው ቃል ይጠይቁታል። ስለዚህ «የተሠሩበት ነገር» ብሎ ያሰበ ተማሪ «ማተር» ብሎ ቢጽፍ የሚደንቅ አይደለም። ቢያንስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስን በእንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ ሐሳቡን በአንድ ቋንቋ ያበስላል፤ በሌላ ቋንቋ ያቀርባል፤ በመካከሉ ብዙ ይፈስሳል።

ከእንጨት የተገኘ ቃል

«ማተር» የላቲን ቃል ከሆነው «ማቴሪያ» የመጣ ነው። ሮማውያን በዚህ ቃል ይጠሩት የነበረው በተለይ ለግንባታ የሚሆነውን እንጨት ነበር። ከእነርሱ በፊት አርስጣጣሊስ ስለ ቁስ ሲጽፍ የተጠቀመበት «ሂዩሌ» የተባለው የግሪክ ቃልም በዕለት ንግግር ጫካ ወይም እንጨት ማለት ነበር። ከጉለሌ እስከ የካ የሚዘልቀውን የእንጦጦን ተራራ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ግድግዳዋም፣ አጥሯም፣ የምጣድ ማገዶዋም ሆኗል። ለከተማዋ «ቁስ» ማለት ለረዥም ጊዜ እንጨት ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ሳይንስ «ማተር» ሲል መጠነ ቁስ ያለውንና ቦታ የሚይዘውን ሁሉ ማለቱ ነው። አየር፣ ድንጋይ፣ ደም፣ ጢስ ሁሉም «ማተር» ናቸው፤ ብርሃን ግን አይደለም። ቃሉ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አይጠይቅም፤ ነገር መሆኑን ብቻ ይናገራል። በዚህ ፍቺው ብዙ ቁጥር የለውም፤ «ሦስት ማተሮች» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈ ተማሪ ስለ ሦስት ጉዳዮች የጻፈ መስሎ ይነበባል። በአማርኛ «ቁስ» ወይም «ቁስ አካል» የምንለው ይኸው ነው። («ቁስ አካል» የሚለውን ሐረግ ከሳይንስ መምህሩ ይልቅ በአብዮቱ ዘመን የፍልስፍና ትምህርት የሰማ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።) «መጠነ ቁስ» የሚለው ስያሜያችን ደግሞ የሚያኮራ ነው፤ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው «ፕሪንኪፒያ» በመጀመሪያው ብያኔው «የቁስ መጠን» ያለውን ቃል በቃል ይዞታል። እንግሊዝኛው «ማስ» ይህን አይናገርም።

ሁለቱ ብረታ ብረቶችና «ሰብስታንስ»

«ሰብስታንስ» የሚለው ቃል ምንነትን ይጠይቃል። በኬሚስትሪ ጥብቅ አነጋገር፣ የትም ቢገኝ ቅንብሩ የማይለወጥ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ውኃ፣ ገበታ ጨው፣ መዳብ፣ ኦክስጅን እያንዳንዳቸው አንድ «ሰብስታንስ» ናቸው። ንጥረ ነገርም ሆነ ውሁድ በዚህ ስም ይጠራል። አየር ግን ድብልቅ ስለሆነ «ማተር» ነው እንጂ አንድ «ሰብስታንስ» አይደለም። ቃሉ ይቆጠራል፤ ብዙ ቁጥርም አለው።

በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት «ሞል» የሚለካው የ«ሰብስታንስ»ን መጠን ነው እንጂ የ«ማተር»ን መጠን አይደለም። አንድ ሞል 6.022 × 10²³ ያህል አቶሞች ወይም ሞለኪውሎች ነው። የአንድ ሞል አሉሚንየም መጠነ ቁስ 27 ግራም፣ የአንድ ሞል መዳብ ደግሞ 63.5 ግራም ነው። እንግዲህ አንባቢ ወደ ካሎሪሜትራችን ይመለስ። 100 ግራም አሉሚንየም 3.7 ሞል ይሆናል፤ 100 ግራም መዳብ ግን 1.57 ሞል ብቻ ነው። በ«ማተር» እኩል የሆኑት ሁለቱ ቁርጥራጮች በ«ሰብስታንስ» መጠን ከእጥፍ በላይ ይለያያሉ።

ይህ ለምን አስፈለገን? እ.ኤ.አ. በ1819 ዱሎንግና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ያስተዋሉት ነገር ስላለ ነው። አንድ ግራም አሉሚንየምን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.90 ጁል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ግራም መዳብ 0.385 ጁል ይበቃል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በግራም ፈንታ በሞል ብናሰላው ግን ለአሉሚንየም 24.2፣ ለመዳብ 24.5 ጁል ይሆናል፤ እኩል ናቸው ማለት ነው! እያንዳንዱ አቶም ከባድም ይሁን ቀላል በሙቀት የሚወስደው የጉልበት ድርሻ በአማካይ አንድ ስለሆነ፣ የሚቆጠረው የአቶሞቹ ብዛት እንጂ ክብደታቸው አይደለም። (አልማዝ በክፍል ሙቀት ለዚህ ሕግ አይገዛም፤ ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1907 ያስረዳው አይንስታይን ነው፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነው።)

ስለዚህ «እኩል ማተር ቢኖራቸውም የሰብስታንሳቸው መጠን ይለያያል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከተጠየቀው በላይ መልሷል። «የተለያየ ማተር አላቸው» ያለው ደግሞ ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ በወረቀት ላይ ተቃራኒውን ተናገረ። ተማሪያችን ያጣው ቃል «ማቴሪያል» ነበር።

«ማቴሪያል» የምንለው ለሥራ ሲታሰብ ነው። አንድ ዕቃ ከእርሱ የተሠራበት፣ ወይም ሊሠራበት የሚችል ነገር «ማቴሪያል» ይባላል። መዳብ ለኬሚስቱ «ሰብስታንስ» ነው፤ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ማቴሪያል» ነው። ኮንክሪት ግን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ አንድ «ሰብስታንስ» አይባልም፤ ግሩም «ማቴሪያል» መሆኑን ግን ማንም አይክድም። እንጨትም እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ጥሬ ዕቃ» ወይም «ቁሳቁስ» ስንል ወደዚህ እንቀርባለን።

ሽሮ ሜዳ

ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ሽሮ ሜዳ፣ በአብዛኛው ከጋሞ ምድር የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለብዙ ዐሥርታት ሲሸምኑ ኖረዋል። ለርእሰ ጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪ አናገኝም።

ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ይጠቀለላል፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ በመወርወሪያው ማጉን ያሳልፋል። በዚህ ጉዞ ሁሉ «ሰብስታንሱ» አልተለወጠም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሴሉሎስ ነው። የተለወጠው አደረጃጀቱ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ አደረጃጀት «ፋብሪክ» የሚል ቃል አለው፤ ክሮች በድርና ማግ ወይም በሹራብ ሥራ ተሳስረው የሚፈጥሩት መዋቅር ነው።

ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳይመስለን አንድ ጋቢ እንውሰድ። 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 3 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውና በአራት እጥፉ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ነው እንበል። «የማተሩ መጠን ስንት ነው?» ቢባል 1.2 ኪሎ ግራም ነው። «የሰብስታንሱስ?» ቢባል፣ ሴሉሎስ 6 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅንና 5 ኦክስጅን አቶሞች ያሉት አሃድ እየተቀጣጠለ የሚሠራው ረዥም ሰንሰለት ነው፤ የአሃዱ አንድ ሞል 162 ግራም ስለሆነ 1,200 ለ162 ሲካፈል 7.4 ሞል ያህል አሃድ ይሆናል። አሁን ይዘቱን እናስላ። የሴሉሎስ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.5 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ በጋቢው ውስጥ ያለው ሴሉሎስ 800 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ጋቢው የሚይዘው ቦታ ግን 3 ካሬ ሜትር በ3 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 9 ሊትር ነው። ከዐሥር እጅ ዘጠኙ አየር ነው!

ሙቀት የሚጠብቀውም ይኸው አየር ነው። የማይነቃነቅ አየር ሙቀት አስተላላፊነቱ 0.026 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው። የላላ ጥጥ 0.04 ገደማ ነው፤ አየሩን አስሮ ስለሚይዝ ወደ እርሱ ተጠግቷል። ያው ሴሉሎስ ዋና ክፍሉ የሆነለት እንጨት ግን ከ0.1 እስከ 0.2 ይደርሳል። ውኃ ደግሞ 0.6 ነው፤ በሐምሌ ዝናብ የራሰ ጋቢ ለብሶ የእንጦጦን ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህን ቁጥር ሳያጠናው ያውቀዋል። በላቦራቶሪ ዘገባ «ሴሉሎስ ጥሩ የሙቀት መከላከያ ሰብስታንስ ነው» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ጉዳዩን ይስተዋል፤ ሥራውን የሠራው «ፋብሪኩ» ነው።

በተራራው ላይ ሌላም የሚታይ አለ። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ ሴቶችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እንጨት ደረቅ ክብደቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሴሉሎስ ነው፤ የተቀረው በአብዛኛው ሊግኒንና ሴሉሎስ መሰል ውሁዶች ናቸው። ጥጥ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ሴሉሎስ ነው። ጎብጠው የተሸከሙት ሸክምና በራሳቸው ላይ ያለው የጥጥ ነጠላ ዋና «ሰብስታንሳቸው» አንድ ነው፤ ሁለት የተለያዩ «ማቴሪያሎች» ናቸው እንጂ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዓለም ገበያ «ቪስኮስ» እየተባለ የሚሸጠው ጨርቅ ከእንጨት የወጣ ሴሉሎስ በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ወደ ክርነት የተመለሰበት ነው፤ ለዚህ ከሚያገለግሉት ዛፎች አንዱም ባሕር ዛፍ ነው።

«ፋብሪክ» እና ዘመዶቹ

አማርኛችን ከጣሊያንኛ የወረሰው «ፋብሪካ» እና የእንግሊዝኛው «ፋብሪክ» ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም የእጅ ባለሙያ መሥሪያ ቤት ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ወጥተዋል። እኛ ዘንድ የመሥሪያ ቦታው ስም ሆኖ ቀረ፤ እንግሊዞች ዘንድ የተሠራው ነገር ስም ሆነ። «የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ» የሚለውን ሲተረጉሙ «ፋብሪክ» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች አጋጥመውናል፤ እንግሊዛዊ አንባቢ የባሕር ዳር ሸማ መስሎት ያልፈዋል። እንግሊዝኛው ለፋብሪካ «ፋክተሪ» ነው፤ ለጨርቃ ጨርቅ ደግሞ «ቴክስታይል»። ይህ የመጨረሻው ቃል የኢንዱስትሪና የንግድ ጠረን አለው፤ ከክር እስከ ምንጣፍ ዘርፉን ሁሉ ይጠቀልላል። «ጨርቃ ጨርቅ» ብለን ደጋግመን መጥራታችን ያንኑ ስፋት ማሳየታችን ነውና ትርጉሙ የተዋጣለት ነው።

«ክሎዝ» ጨርቅ ነው፤ ሲቆጠር ግን አንድ ቁራጭ፣ ብዙውን ጊዜ መወልወያ ይሆናል። «ክሎዝስ» ልብስ ነው፤ ነጠላ ቁጥር የለውም። በሰፊዎች ቤት «ማቴሪያል» ራሱ ለልብስ የሚሆን ጨርቅ ማለት ነው። «ስታፍ» በጥንቱ ፍቺው የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ ማንኛውንም ነገር የሚጠራ የቡና ላይ ቃል ስለሆነ ከላቦራቶሪ ዘገባ መራቅ ይኖርበታል። በፊደላችን ሲጻፍ የመምህራንን «ስታፍ» መምሰሉም ሌላ መከራ ነው፤ አንድ ተማሪ ሽቦው «ከጥሩ ስታፍ የተሠራ» መሆኑን በእንግሊዝኛ ሲጽፍልን አንዷን ፊደል ስለ ለወጠ መዳቡ በባልደረቦቻችን ተተክቶ አግኝተነዋል።

የገበያ ስሞችንም በዚሁ ወንፊት ማሳለፍ ይቻላል። «ፖሊስተር» እና «ናይለን» የ«ሰብስታንስ» ስሞች ናቸው። «ጥጥ» እና «ሱፍ» የ«ማቴሪያል» ስሞች ናቸው። «ከፋይ»፣ «ጂንስ»፣ «ሽፎን» ግን የ«ፋብሪክ» ስሞች ናቸው፤ አሠራሩን እንጂ ምንነቱን አይናገሩም። ከፋይ ከሐርም ከጥጥም ይሠራል፤ ሽፎን ሐር ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስተርም ሊሆን ይችላል። «ሐር ነው ወይስ ሽፎን?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ሁለት የማይወዳደሩ ነገሮችን እያወዳደረ ነው፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ከሸማኔዎቹ በላይ

ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን ጨርሰን 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስንደርስ፣ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የእንጦጦን የሥነ ፈለክ መመልከቻ እናገኛለን፤ አንድ ሜትር ስፋት ባላቸው መስተዋቶች የሚሠሩ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም እነዚህኑ ቃላት ይጠቀማሉ። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ያቀረበውን የስበት ንድፈ ሐሳብ የሚያስረዱ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስለ ኅዋና ጊዜ «ፋብሪክ» ይናገራሉ፤ «ክሎዝ» ግን አይሉም። ምክንያቱ አሁን ለአንባቢ ግልጽ ይመስለናል፤ የሚያሳስባቸው መዋቅሩ ነው። ሆኖም ምሳሌ ነውና ከመጠን በላይ መጎተት የለበትም። ኅዋና ጊዜ ከክር የተሸመነ አይደለም፤ አራት ልኬቶች እንጂ ድርና ማግ የሉትም።

«ዳርክ ማተር» የተባለው ደግሞ የቃል ምርጫ ጥንቃቄ የታየበት ስም ነው። ጋላክሲዎች የሚዞሩበት ፍጥነት በብርሃን ከሚታየው ቁስ ስበት በላይ ሌላ የሚስብ ነገር እንዳለ ያሳያል። ስበት ስላለው «ማተር» ተባለ። ምንነቱ እስከ ዛሬ ስላልታወቀ «ሰብስታንስ» አልተባለም፤ ምንም ስለማንሠራበትም «ማቴሪያል» አይደለም። በዛሬው ስሌት ከጽንፈ ዓለሙ ጠቅላላ ይዘት 27 በመቶ ያህሉ ይኸው ነው፤ ጋቢውን፣ ባሕር ዛፉን፣ መዳቡንና እኛን የሚያጠቃልለው የተለመደው ቁስ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ጨለማ ጉልበት የተባለው ነው።

ለአንባብያን አንድ መልመጃ እንተውላችሁ። በዚያው ካሎሪሜትር፣ በዚያው 200 ግራም ውኃ ውስጥ፣ ከ92 ዲግሪ የተነሣ 100 ግራም ብረት ብንጨምር ውኃው በስንት ዲግሪ ይሞቃል? የአንድ ሞል ብረት መጠነ ቁስ 55.85 ግራም ነው፤ አንድ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ጁል ያስፈልጋል። ሌላ ሠንጠረዥ አትክፈቱ፤ ለአንድ ሞል 25 ጁል ያዙና ከ«ሰብስታንሱ» መጠን ተነሡ። ያገኛችሁት 3.7 ዲግሪ ገደማ ከሆነ፣ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።